ሩብ ዙር

ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሁለት እጆቿን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ትቀመጣለች። ሣህኑን የምትደብቀው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ ነው። ጣቶቿ ሌሊቱን ተጨብጠው ስለሚያድሩ ከትንሿ ጀምራ አንድ በአንድ ትዘረጋቸዋለች። አውራ ጣቷ መጨረሻ ላይ ነው የምትታዘዛት፤ እሷም እንደ ደረቅ እንጨት "ቀጭ" ብላ። ከዚያ የጉልበቶቿ ተራ ነው። የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ሦስት ጊዜ ብድግ ቁጭ ትላለች። በሦስተኛው ካልተነሳች ያ ቀን ክፉ ቀን ነው።

ይህን ሁሉ ልጇ አታውቅም ብላ ታስባለች። ልጇ ልብስ ሰፊ ናት፤ መንገድ ዳር ባለችው ክፍላቸው ውስጥ የስፌት መኪናዋን ስታንቀጠቅጥ ትውላለች። አንድ ጠዋት እናትየው የሥራ ካፖርቷን ስትለብስ ቁልፎቹ እንደ ወትሮው አላታገሏትም። ብታይ፣ ቁልፎቹ ላይ ላዩን ለወጉ ተሰፍተዋል፤ ከሥራቸው ግን ጫን ሲሉት የሚገጥም ማጣበቂያ ገብቶበታል። ልጅቷ አልተናገረችም፣ እናትየውም አልጠየቀችም። ነገሩ በዚያው ታልፎ ቀረ።

ሥራዋ አትክልተኝነት ነው። በአንድ ሆስፒታል ግቢ ሃያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገቡ ብቻ ነው፤ ከዋናው ሐኪም እስከ ልብስ አጣቢዋ ድረስ ሰው ሁሉ "ውሃ ልክ" ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት አንድ ግንበኛ ነው። "በዓይን ብቻ ይህን ያህል ቀጥ አይልም" ብሎ ተከራክሮ፣ የራሱን ውሃ ልክ እሷ ከምትከረክመው የጽድ አጥር አናት ላይ ቢያጋድመው አረፋዋ መሐል ላይ ቁጭ አለች። አንስቶ አራገፈው፣ ደግሞ አጋደመው። አረፋዋ አሁንም መሐል ላይ።

"እንግዲህ የኔን እዚሁ ጥዬ አንቺን ይዤ መሄዴ ነው" አለ ግንበኛው።

አጥሩ መቶ ሃያ እርምጃ ይሆናል። በዚህ በኩል የታካሚዎች መኝታ ክፍል መስኮቶች ተደርድረዋል፤ በዚያ በኩል የአስከሬን ክፍሉ በርና ሬሳ የሚጭነው መኪና የሚቆምበት ጠባብ መንገድ አለ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው አንገቱን ቀና ቢያደርግ የሚያየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ችግኞቹን ልጇን አዝላ የተከለቻቸው እሷ ናት። ከብዙ ዓመት በኋላ ባሏ ከነዚያ መስኮቶች በአንዱ ሥር አንድ ወር ተኛ።

"ከአጥሩ ማዶ ምንድን ነው ያለው?" አላት አንድ ቀን።

"መደብ ነው። ካሮት ዘርቼበታለሁ።"

"ታዲያ አንድ ቀን አታመጪልኝም?"

በማግስቱ ከገበያ ገዝታ፣ በእጇ አፈር ቀብታ አመጣችለት። ሳያውቅ ሞተ። ለዚህ ነው ያንን አጥር እንደ ሌላው አትክልት የማታየው።

እጇ መክዳት የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ መሰላል መውጣት አቃታት፤ የአጥሩን አናት የሚቆርጠው ሌላው አትክልተኛ ሆነ። ቁመቱ ከመሰላሉ ስለማያንስ እሱንም "መሰላል" ይሉታል። እሷ ጎኑን ያዘች። በትከሻዋ ልክ ገመድ ትወጥርና ከገመዱ በታች ያለውን ትቆርጣለች፤ ከገመዱ በላይ ያለውን መሰላል በራሱ መቀስ ይጨርሰዋል። ቀጥሎ የአጥር መቀሷ እጀታ ቆረቆራት፤ በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ጠቀለለችው። ያ ትንሽ ረዳ። ከዚያ ደግሞ ስለቶቹን በከፈተችና በዘጋች ቁጥር አንጓዋ ውስጥ መርፌ የሚዞር መሰላት። ያኔ ነው ሁለቱን ስለት መሐል ላይ የያዘውን ብሎን ሩብ ዙር ያላላችው።

እፎይ አለች። መቀሱ ዘይት እንደጠጣ ተንሸራተተ። ወር ሳይሞላ ሌላ ሩብ ዙር አላላችው። ከዚያም ሌላ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የጽዱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ይጠወልግ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆን ጀመር። የሳሙና ውሃ ረጨችበት። ሥሩን ቆፍራ አየች፣ አፈሩን አሸተተች፣ ፍግ ጨመረች። ቡናማው ግን ከመሬት ተነስቶ እስከ ትከሻዋ ደረሰ። እንቅልፍ አጣች። በመጨረሻ በቅን ልቧ ወደ ግቢው ኃላፊ ሄደች። ሰውዬው ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ከደረት ኪሱ ብዕር የማይጠፋ፣ ጠንቃቃ ሰው ነው።

"አለቃ፣ አጥሩ በሽታ ገብቶበታል። ከሥር ወደ ላይ እየወጣ ነው።"

"ወደ ሌሎቹ ዛፎች ይዛመታል?"

"እንጃ። ከሥር የሚነሳ ነገር መቼም ደግ አይደለም።"

በዚች አንድ ቃል ደብዳቤ ተጻፈ። አጥሩ ሳይዛመት ከነሥሩ ይነቀል፣ በምትኩ የብረት ሽቦ አጥር ይተከል ተባለ። ኃላፊው እሷን ደስ ያሰኘ መስሎት፣ "ብረት ነው፤ አይታመምም፣ መቀስም አይፈልግም" አላት። በሽቦ ውስጥ የአስከሬኑ በር ወለል ብሎ እንደሚታይ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እሱ ግን ስልክ ያነጋግር ነበር። ሎደር ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንዲመጣ ተቀጠረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቢላና መቀስ የሚስለው ሞራጅ የግቢው በር ላይ የመሳያ ድንጋዩን ተከለ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የሚመጣው፤ እኩያዋ ነው፣ ምላሱ ከሞረደው ቢላ ሁሉ ይሾላል። ትልቁን መቀስ ለብዙ ጊዜ ያልሰጠችው ምላሱን ፈርታ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለውን እጀታ ካየ ከተማው ሁሉ ማወቁ አይቀርም ብላ ራሷ በሞረድ ስትፍቀው ነበር የከረመችው። ዛሬ ግን ነገ አጥር ለሌለው መቀስ ምን ምስጢር አለው ብላ ሰጠችው።

"እንዴ ውሃ ልክ! ይሄ መቀስ በሕይወት አለ? እኔ እኮ ሳትጠሩኝ የቀበራችሁት መስሎኝ ነበር።"

"አፍህን ዝጋና ሳል።"

"አፌን ከዘጋሁ ድንጋዩን ምን ያዞረዋል?" አለና መቀሱን ከፈት ዘጋ አደረገው። ስለቶቹ እንደ ወላቃ ጥርስ ተወዛወዙ። ከመቀመጫው ሥር ቁራጭ ጋዜጣ አውጥቶ በመሐላቸው አስገባ። ወረቀቱ አልተቆረጠም፤ ታጥፎ ተያዘ።

"ማነው ይሄን ብሎን ያላላው?"

ወረቀቱን ከስለቶቹ መሐል ልትመዝዝ እጇን ዘረጋች።

"ይሄማ መቀስ አይደለም፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ነው! ያላምጣል እንጂ አይቆርጥም። በዚህ ቅጠል ብትነኪ ጫፉን አኝኮ ነው የሚተወው፤ ሦስት ቀን ሳይሞላ ደርቆ ቡናማ..."

አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ቆመ። ዓይኑ በበሩ አልፎ ወደ አጥሩ ሄደ። ከዚያ ተመልሶ እጆቿ ላይ አረፈ። ድንጋዩ እያጓራ ለብቻው ዞሮ ዞሮ ቆመ።

"አንቺ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያ ነው እንዴ በሽታው?"

መቀሱን ከእጁ ነጥቃ ወደ አጥሩ ሄደች። አንድ ጫፍ ይዛ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። የተቆረጠ ነገር አይመስልም፤ አይጥ እንደበላው ገመድ ተበጣጥሷል። ሌላ ያዘች። ያም ያው። ከዚያ ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ርቃ አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ቡናማው የሚያበቃው በአንድ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ነው። በሷ ገመድ ልክ።

ሞራጁ ተከትሏት መጥቶ ነበር። "ስሚኝ" አላት። "ይሄን የምናውቀው አንቺና እኔ ነን። እኔ ምላሴ ቢሾልም ለዚህ አይሾልም። ጡረታሽ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። አጥሩ ይሂድ፣ አንቺ ቅሪ። ዝም በይ።"

"ብናገርስ?"

"ብትናገሪማ ያሰናብቱሻል። እጁ የማይሠራ አትክልተኛ ምን ያደርግላቸዋል? ለጌጥ አያስቀምጡሽ!" አለና መፍቻውን ከኪሱ አወጣ። "በይ አምጪው፣ ብሎኑን ላጥብቀው።"

"እንዳትነካው!"

ለምን እንዲህ እንዳለች ለራሷም አልገባትም። እሱ ስለቱን ብቻ ሞርዶ መለሰላት፤ በዚያ ቀን ሌላ ቀልድ አልቀለደም።

ማታ እራት ላይ ብርጭቆ አመለጣት። ልጇ ውሃውን በጨርቅ እያደረቀች፣ "እማዬ፣ ነገ አትሂጂ" አለቻት። "ሲነቅሉት ቆመሽ ለምን ታያለሽ? ታመመ፣ ሞተ። አንቺ ምን ታደርጊው?"

ቃሉ እንደ እሾህ ወጋት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካፖርቷን አየች።

"ያንን ማጣበቂያ" አለች ቀስ ብላ፣ "እግዜር ይስጥሽ።"

"የቱን ማጣበቂያ?"

"ካፖርቱ ላይ ያለውን።"

ልጅቷ ጨርቁን እንደያዘች ቀረች። "መቼ አወቅሽ?"

"የለበስኩት ቀን።"

"እኔስ ያንን ሣህን የማላየው መስሎሽ ነው? በየቀኑ እኮ በእግሬ እየደፋሁት ነው የምገባው።"

ሁለቱም ሳቁ፤ እናትየው ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ለልጇ ይህን መናገር ይህን ያህል ከቀለለ ሌላውን መናገር ምን ይከብዳል ብላ አሰበች።

ሐሙስ ክፉ ቀን ሆነ። በሦስተኛው አልተነሳችም፤ በአምስተኛውም። ልጇ በብብቷ ይዛ አቆመቻት፣ እስከ መንገዱ ደግፋ አደረሰቻት። ከታክሲ ወርዳ የግቢውን በር ስታልፍ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር፤ የሞተር ድምፅ ከሩቅ ሰማች። ቀድመዋታል።

ሮጠች ማለት አይቻልም፤ ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት እንደዚያ ፈጥና ሄዳ አታውቅም። ሎደሩ ሁለት ግንድ ነቅሎ ሥራቸውን ወደ ሰማይ አዙሮ አጋድሟቸዋል። የብረት መንጋጋው ሦስተኛው ላይ ሊያርፍ ሲል መቀሷን ይዛ ከመሐል ገባች።

"እማማ! እብድ ነዎት እንዴ? ይራቁ!" ሹፌሩ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጣ።

"አጥፋው!"

"ምን?"

"ሞተሩን አጥፋው ነው የምልህ!"

ሞተሩ ጠፋ። ኃላፊው ደብዳቤውን እንደያዘ መጣ፤ ከኋላው መሰላል።

"ምን ሆኑ፣ እማማ?"

"በሽታ አይደለም።"

"ምኑ?"

"አጥሩ አልታመመም።"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ የነገሩኝ? እዚህ ላይ 'በባለሙያዋ ጥቆማ መሠረት' ነው የሚለው።" ወረቀቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። "የሠራሁትም እርስዎን አምኜ ነው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ተሳስቼ ነው። ይምጡ፣ ይዩት። ከዚህ በላይ አረንጓዴ፣ ከዚህ በታች ቡናማ፤ ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር። በሽታ በገመድ አይሄድም፣ አለቃ።"

መሰላል ጎንበስ ብሎ አየ። "እውነትም" አለ። "ይሄ እኮ የኛ ገመድ ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው?" አለ ኃላፊው።

ሁሉም እሷን አዩ። ዓይኗን የምታሳርፍበት ስታጣ ሁለቱ ግንዶች በተነቀሉበት ክፍተት በኩል አየች። የአስከሬን ክፍሉ በር ተከፍቷል፤ መኪናው ቆሟል። ወደ ኋላዋ ዞር ስትል፣ በመስኮቱ አንድ የታመመ ሰው በክርኑ ተደግፎ በዚያው ክፍተት እያየ ነው። ጎረቤቱን ጠርቶ የሆነ ነገር አሳየው።

"እጄ ነው" አለች።

"ምን አሉ?"

"በሽታው እኔ እጅ ላይ ነው ያለው። ጣቶቼ ታመውብኝ መቀሱ ሲከብደኝ ብሎኑን አላላሁት። የላላ መቀስ ቅጠል ያኝካል። አኝኬ አኝኬ አደረቅሁት። እስከ ትናንት አላወቅሁም፤ ትናንት ግን አውቄያለሁ።"

ሹፌሩ ከመቀመጫው ወረደ።

"ጋዜጣ አለህ?" አለችው።

መስታወት የሚያጸዳበትን አንድ ገጽ አመጣላት። መቀሱ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው፤ ወረቀቱ ታጠፈ። "አዩ? አሁን ብሎኑን አጥብቁት።" ራሷ ልታጠብቀው ሞክራ ነበር፣ ጣቶቿ እንቢ አሉ። ሹፌሩ መፍቻ አምጥቶ አጠበቀላት። እንደገና ወረቀቱን አስገባች፤ ሸረፍ ሳይል ለሁለት ተከፈለ።

ከዚያ ወደ አጥሩ ዞረች። አንዱን ቡናማ ጫፍ ከሥሩ ቆረጠች። ከውስጥ ያለው እርጥብና አረንጓዴ ነበር። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። የመቀሱ ድምፅ ድሮ የምታውቀው ድምፅ ነበር። በስድስተኛው ላብ ፊቷን አጠበው። በሰባተኛው እጇ በእጀታው ላይ እንደተጨበጠ ደርቆ ቀረ። ልትከፍተው አልቻለችም። መሰላል መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቃቸው፤ ከትንሿ ጀምሮ።

"ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም?" አለ ኃላፊው።

"ብነግርህ ምን ታደርገኝ ነበር፣ ልጄ?"

ኃላፊው ብዕሩን ከኪሱ አወጣ፣ መልሶ ከተተው። ክፍተቱን አየ፤ መስኮቱንም አየ። ምናልባት በመስኮቶቹ በኩል ቆሞ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው።

"መኪናውን አውጣው" አለ ለሹፌሩ። ወደ እሷም ዞሮ፣ "ሦስት ሳምንት። ካላገገመ እነቅለዋለሁ። እርስዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይህን መቀስ እንዳይነኩ።"

"ማን ሊቆርጠው?"

"መሰላል ይቁረጠው።"

"መሰላል? እሱ ሲቆርጥ እኮ የባሕር ማዕበል ነው የሚያስመስለው!"

"እትዬ፣ እዚሁ ነኝ እኮ" አለ መሰላል።

በዚያኑ ቀን ከልብስ አጣቢዋ ሁለት ያረጁ አንሶላዎች ለምና ክፍተቱ ላይ በገመዷ ሰቀለች። መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው መጋረጃ የሚሰቀልለት ንጉሥ ነኝ እንዴ ብሎ ቀለደ ሲባል ሰማች፤ ደስ አላት።

ሦስቱን ሳምንት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሠራች። ልጇ ከአሮጌ ብርድ ልብስ የጉልበት ትራስ ሰፋችላት፤ ሣህኑም ከበሩ ጀርባ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ በግልጽ ተቀመጠ። ሩብ ሰዓት አፈር ትቆፍራለች፣ ሩብ ሰዓት ታርፋለች። በክፍተቱ ሁለት ችግኝ ተከለች፤ እያንዳንዱ ጉልበቷ ጋ እስኪደርስ እንኳ ብዙ ይቀረዋል። መሰላል ሲቆርጥ እሷ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች፣ ትጮህበታለች። በየጠዋቱ ግን ከማንም ቀድማ ወደ አጥሩ ትሄዳለች፤ ጫፎቹን በጣቷ እየገለጠች ትፈልጋለች። አንደኛው ሳምንት ምንም። ሁለተኛው ምንም። ሞራጁ በበሩ ሲያልፍ "እህ?" ይላታል፤ ራሷን ትነቀንቃለች።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ከውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ፈካ ያለች አረንጓዴ ቡቃያ አየች። ዓይኗን አላመነችም። ከጎኗ ሌላ። እጇን በአፏ ላይ ጭና ቆመች።

ኃላፊው በሃያ አንደኛው ቀን መጣ። ቅርንጫፎቹን በብዕሩ እየገለጠ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ አንሶላዎቹ ፊት ቆመ።

"ጡረታዎ መቼ ነው?"

"ሁለት ዓመት ይቀረዋል።"

"እነዚህ ሁለቱ ከሌሎቹ እኩል ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል?"

ልትዋሽ ትችል ነበር። "ስድስት። ቢፈጥኑ አምስት።"

ኃላፊው አንሶላውን ገለጥ አድርጎ ችግኞቹን አየ። "እንግዲያው ሁለቱን ዓመት መሰላልን ያስተምሩት። ቀጥ አድርጎ እንዲቆርጥ" አለና ሄደ።

መሰላል ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ሰምቶ ነበር። "አይ የኔ ነገር!" አለ። "በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ!"

እሷ በርጩማዋን እየጎተተች ወደ ኋላ አምስት እርምጃ ራቀች። ተቀመጠች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች።

"በቀኝ በኩል ገመዱን ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው።"

"እትዬ፣ ቀጥ ብሏል እኮ!"

"ሁለት ጣት ነው ያልኩህ።"